የተቀናበረ ፎቶ «የተለጠፈ» እንዳይመስል፦ ብርሃንና ጥላን ለክቶ ማስገባት

ተመራቂዋ ስቱዲዮ ገብታ ጋውኗን ለብሳ ተነሥታለች። ቤተሰቧ የሚፈልገው ግን ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ ማዘጋጃ ቤት እየታየ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ውጭ አገር ያለው ወንድም በበዓል ከተነሡት መካከል ይግባልን ይባላል። ፒያሳም ሆነ ለገሃር አካባቢ ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ትእዛዝ በደንብ ያውቀዋል። ፎቶው ታትሞ ሲወጣ የሚያየው ሁሉ ምክንያቱን መናገር ባይችልም «ተለጥፏል» ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አቆራረጡ ላይ አይደለም። ፊት ላይ ያለው ብርሃን ከአንድ ወገን፣ መንገዱ ላይ ያለው ከሌላ ወገን ስለመጣ ነው፤ ወይም እግር ሥር ያለው ጥላ በጥቁር ብሩሽ በግምት ስለተቀባ ነው። ለእናት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ እንዲህ መሆን የለበትም፤ ሁለቱም ደግሞ በመለካት የሚፈቱ ናቸው።

አሠራሩን የምናስረዳው በፎቶሾፕ ቃላት ነው፤ ሌየር (ተደራራቢ የምስል ንብርብር)፣ ማስክ (የሌየሩን ክፍል የሚደብቅ ወይም የሚያሳይ) እና መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁር የመደረቢያ ሞድ) ያለው ፕሮግራም ሁሉ፣ ጊምፕም ፎቶፒያም፣ ይሠራዋል። ምሳሌያችን ከቸርችል ጎዳና ታችኛው ክፍል ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ማለትም ወደ ሰሜን ዞሮ የተነሣ ባክግራውንድ ነው።

1ኛ. ከመቁረጥ በፊት ባክግራውንዱን ማንበብ

ባክግራውንዱን ክፈቱና ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ፈልጉ፤ የመብራት ፖል፣ የቆመ ሰው፣ የትራፊክ ምልክት ሊሆን ይችላል። አዲስ ሌየር ላይ ሁለት መስመር አስምሩ። አንዱ ከፖሉ ሥር ተነሥቶ በጥላው ላይ እስከ ጥላው ጫፍ ይሄዳል። ሌላው ከፖሉ አናት እስከ ጥላው ጫፍ ይወርዳል። የመጀመሪያው የጥላውን አቅጣጫ፣ ሁለተኛው የፀሐይዋን ከፍታ ይነግራችኋል። ይህን ሌየር እስከ ሥራው መጨረሻ አታጥፉት።

በፎቶው ላይ የሚታይ ጥላ ከሌለ የተነሣበትን ወርና ሰዓት ጠይቁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ያለው ጥላ እንደ ወሩ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ ከሌላ አገር የተቀዳ የፎቶሾፕ ትምህርት ይህን አይነግራችሁም። በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ የ1.70 ሜትር ሰው ጥላ 1.08 ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን፣ በምሳሌያችን ወደ ማዘጋጃ ቤት ይወድቃል። በሰኔ አጋማሽ ግን ፀሐይ በሰሜን በኩል 75 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጥላው 44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ወደ ደቡብ፣ ወደ ለገሃር ይዞራል። መገልበጫዎቹ ቀናት ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ናቸው፤ ያን ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ከጫማ ሥር ብዙም አይወጣም። የእኛ ቀትር ደግሞ ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል።

ለቅንብር የሚመቸው ጠዋት ነው። በታኅሣሥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ከደቡብ ምሥራቅ ትመጣለች። ካሜራው ወደ ሰሜን ሲያይ ምሥራቅ በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው በፎቶው ቀኝ በኩል ያለው ወገኑ ይበራል፣ ጥላው ወደ ግራና ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ርዝመቱም 2.90 ሜትር ይሆናል። ከዚህ በኋላ በብዛት የምንጠቀመው ይህንኑ ነው።

2ኛ. የካሜራ ቁመት

ቸርችል ዳገት ነው። የመንገዱን ግራና ቀኝ ጠርዝ በመስመር ቀጥሉና የሚገናኙበትን ነጥብ ያዙ፤ በዚያ ነጥብ አግድም መስመር አስምሩ። ያ መስመር መንገዱ ላይ የሚሄደውን ሰው ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ ተመሳሳይ የሰውነት ክፍል ላይ ይቆርጠዋል። አላፊዎቹን ደረታቸው ላይ ከቆረጠ የእናንተንም ሰው ደረቱ ላይ መቁረጥ አለበት። መጠኑን በዓይን ግምት ሳይሆን በዚህ ወስኑ። ሰውየው ግዙፍ ወይም ድንክ መስሎ የሚወጣው ይህ ሲዘለል ነው።

3ኛ. ሰውየውን ራሳችሁ የምታነሡ ከሆነ

ባክግራውንዱ ከ1.50 ሜትር ከፍታ ከተነሣ ስቱዲዮም ካሜራውን 1.50 ላይ አድርጉ፤ ለሙሉ ቁመት ከ4 እስከ 5 ሜትር ራቁ። ለፀሐይ የሚሆነው ያለ ሶፍትቦክስ፣ በተራ ሪፍሌክተር ብቻ የበራ አንድ ፍላሽ ነው። የ30 ዲግሪ ፀሐይ ለማስመሰል ፍላሹን ከሰውየው 2.50 ሜትር አርቃችሁ 2.90 ሜትር ከፍ ታደርጉታላችሁ፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ ክፍል ይህ የመጨረሻው ወሰን ነው። 45 ዲግሪ ከፈለጋችሁ በ2 ሜትር ርቀት 3.50 ከፍታ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው የጠዋት ባክግራውንድ ይሻላል የምንለው። ጥላውን ወገን ለማለስለስ በተቃራኒ በኩል ነጭ ፎም ቦርድ ይበቃል፤ ሁለተኛ ፍላሽ ከጨመራችሁ ኃይሉ ከዋናው በሁለት ስቶፕ ይነስ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)።

አንድ ነገር ግን ይከተላል። ፍላሹ ቅርብ ስለሆነ እግር ጋ ሲደርስ ብርሃኑ ይደክማል፤ ከላይ ባለው አቀማመጥ ጫማው ላይ የሚደርሰው ፊት ላይ ከሚደርሰው ግማሹን ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ነው። ፀሐይ እንዲህ አታደርግም። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ከወገብ በታች በግራዲየንት ማስክ እስከ ሦስት ሩብ ስቶፕ ያህል ማንሣት ግድ ነው።

ፎቶው ቀድሞ በሁለት ጃንጥላ ለስልሶ የተነሣ ከሆነና መቀየር ካልተቻለ ከፀሐይ ጋር አትታገሉ። ባክግራውንዱን ቀይሩ። የደመና ቀን፣ ወይም የሕንፃ ጥላ የሞላው የመንገድ ክፍል ከእንዲህ ዓይነት ፊት ጋር በቀላሉ ይስማማል። ለስላሳ ፊትን በብሩሽ የጠዋት ፀሐይ ማድረግ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ አፍንጫው ሥር ይጋለጣል። ግራና ቀኙን መገልበጥም አንዳንዴ ያድናል፤ የመጎናጸፊያው ጽሑፍ፣ የእጅ ሰዓቱና የነጠላው አጣፋ አብረው እንደሚገለበጡ ግን አትርሱ።

ከውጭ አገር የሚላክ ፎቶ በቴሌግራም ሲመጣ «እንደ ፋይል» እንዲላክ ንገሯቸው። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና የፀጉሩ ዳር ወደ ትንንሽ ካሬ ይቀየራል፤ በኋላ ምንም አይመልሰውም።

4ኛ. መቁረጥ

በማስክ ቁረጡ፣ በማጥፊያ አይደለም። ልብስና ጫማ በፔን ቱል፣ ፀጉር በሴሌክት ኤንድ ማስክ ይሠራል። ሰውየው ነጭ ግድግዳ ፊት ተነሥቶ ከሆነ አፍሮ ፀጉር ዳር ላይ ነጭ ክር ይቀራል። በላዩ ክሊፒንግ ማስክ የሆነ (ከሥሩ ባለው ሌየር ላይ ብቻ የሚታይ) ባዶ ሌየር ጨምሩና ሞዱን መልቲፕላይ አድርጉ፤ ከፀጉሩ ከራሱ ቀለም ወስዳችሁ በለስላሳ ብሩሽ ዳሩን ብቻ ዳስሱት።

ነጠላ ለብቻው ይሠራል። ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው ነገር ይታይበታል፤ ማስኩን ሙሉ ነጭ ካደረጋችሁት የስቱዲዮው ግድግዳ ከነጠላው ጋር አብሮ ቸርችል ላይ ይቆማል። አንድ እጥፍ የሆነው ክፍል ማስኩ ላይ ከ60 እስከ 75 በመቶ ነጭ ይሁን፤ የተደራረበውና ጥበቡ 100 ይሁን። በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ከተነሣ ደግሞ ነጠላው አረንጓዴ ይጠጣል፤ ሂዩ ሳቹሬሽን ላይ አረንጓዴውን ብቻ መርጣችሁ ሳቹሬሽኑን አውርዱ።

5ኛ. ጥቁርና ነጩን ማስማማት

ከቀለም በፊት ድምቀት ይቀድማል። ከሁሉም በላይ ብላክ ኤንድ ኋይት አድጀስትመንት ሌየር ጨምሩና ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን እዩት። አሁን የሚጋጨው ይታያል። ጋውኑን መንገዱ ላይ በተመሳሳይ ርቀት ካለ ጥቁር ነገር፣ ከመኪና ጎማ ወይም ከጥቁር ኮት ጋር አወዳድሩ። በስቱዲዮ የተነሣ ጋውን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ከርቭስ (የድምቀት ማስተካከያው መስመር) ላይ የታችኛውን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጉት። በበጋ በአቧራና በጭስ ምክንያት ሩቅ ያለ ጥቁር ወደ ግራጫ ያደላል፤ ሰውየው 30 ሜትር ርቆ ከቆመ እሱም ማድላት አለበት። የሐበሻ ቀሚስ ነጭ ከሰማዩ ብሩህ ደመና መብለጥ የለበትም፤ 255 (የመጨረሻው የብሩህነት ቁጥር) የነካ ነጭ ካለ ሽመናው ጠፍቷል ማለት ነው።

6ኛ. ጥላው

ጥላ ጥቁር አይደለም። ፀሐይ ብትጋረድም ሰማዩ ያበራዋል፤ ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ምን ያህል እንደሚጠቁርና ምን ያህል ወደ ሰማያዊ እንደሚያደላ ባክግራውንዱ ራሱ ጽፎታል፤ ማንበብ ብቻ ነው።

አይድሮፐሩን (ቀለም ማንበቢያውን) 5 በ5 አቨሬጅ ላይ አድርጉ። ፀሐይ ያረፈበትን አስፋልት ንኩና ቁጥሩን ጻፉ፤ ለምሳሌ ቀይ 168፣ አረንጓዴ 160፣ ሰማያዊ 150። ከዚያ እዚያው አጠገብ የመብራት ፖል ወይም የአላፊ ሰው ጥላ ያረፈበትን አስፋልት ንኩ፤ ለምሳሌ 72፣ 76፣ 84። ከትልቅ ሕንፃ ጥላ አትውሰዱ፤ ሕንፃው ከፀሐይዋ ሌላ ግማሽ ሰማዩንም ስለሚጋርድ ጥላው ከሰው ጥላ ይጠቁራል። አሁን የጥላውን ቁጥር ለፀሐዩ ቁጥር አካፍሉና በ255 አባዙ። ቀይ 109፣ አረንጓዴ 121፣ ሰማያዊ 143 ይመጣል።

ከሰውየው ሌየር ሥር ሶሊድ ከለር (ባለ አንድ ቀለም) ሌየር ክፈቱ፣ ቀለሙን 109፣ 121፣ 143 አድርጉ፣ ሞዱን መልቲፕላይ፣ ኦፓሲቲውን 100 አድርጉና ማስኩን ጥቁር ሙሉት። ማስኩ ላይ ነጭ የቀባችሁበት ቦታ ሁሉ ልክ እንደ ፖሉ ጥላ ይጠቁራል፤ ከሥሩ ያለው ዜብራ ዜብራነቱን፣ ስንጥቁም ስንጥቅነቱን አያጣም። ኦፓሲቲውን በስሜት ወደ 40 ወይም 60 መጎተት ቀረ ማለት ነው።

ቅርጹን ለማውጣት ኮንትሮል ይዛችሁ የሰውየውን ማስክ ንኩ፤ ሴሌክሽኑ ሲመጣ አዲስ ሌየር ላይ በጥቁር ሙሉትና በፍሪ ትራንስፎርም ዲስቶርት አስተኙት። የጭንቅላቱ ጥላ የሚያርፍበትን ነጥብ በግምት አትፈልጉት። በ1ኛው ያሰመራችኋቸውን መስመሮች አምጡ፦ ከሰውየው እግር የፖሉን ጥላ ተከትሎ የሚሄድ መስመር፣ ከሰውየው አናት ደግሞ የሁለተኛውን መስመር ዝንባሌ የያዘ መስመር። የሚቋረጡበት ቦታ የጭንቅላቱ ጥላ ነው። ይህ በልኩ የሚሠራው ፀሐይ ከጎን ስትሆን ነው፤ ከካሜራው ኋላ ከሆነች የጥላዎቹ መስመሮች በርቀት ወደ አንድ ነጥብ ይጠባሉ፣ ከፊት ከሆነች ወደ ካሜራው ይበተናሉ። ያን ጊዜ ሁለት ፖሎች ወስዳችሁ መገናኛቸውን ካገኛችሁ በኋላ የሰውየውንም ወደዚያው ምሩት። ፖሉ እዚያው ዳገት ላይ ስለቆመ ወደ ላይ የሚወጣ ጥላ ማጠሩ፣ ወደ ታች የሚወርድ መርዘሙ መስመሩ ውስጥ አብሮ ተቆጥሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥላ ፀሐይዋ የምታየው ቅርጽ ነው፤ ካሜራው የሚያየው አይደለም። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ ሰው ጥላው ላይ ክርኖቹ አይዘረጉም፤ ጥላው ወደ ጎን የቆመ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ሰውየውን ስታነሡ አንድ ፎቶ ከፍላሹ ቦታ ቆማችሁ ጨምሩ፤ የጥላውን ቅርጽ ከእሱ ቁረጡ። ካልተገኘ ክንዶቹን በብሩሽ ወደ ውስጥ ሰብስቡ። ጋውን ለዚህ ደግ ልብስ ነው፤ ከየትም ወገን ቢያዩት ያው ደወል ይመስላል።

ዲስቶርት ከተደረገ በኋላ አንዱ ጫማ ከጥላው ጋር ይያያዛል፣ ሌላው ተንሳፎ ይቀራል። ሁለቱ እግሮች ከካሜራው እኩል ስለማይርቁ ነው። የጥላውን ሁለት እግር ለያዩና እያንዳንዱን በዋርፕ ወደየጫማው ሳቡት። ጥላው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ከደረሰ ይሰበራል፤ ጠርዙ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣና ላይ እንደገና ይተኛል። ከግድግዳ ከደረሰም ግድግዳው ላይ ይቆማል።

ከዚያ ማለስለስ። የፀሐይ ክብ ከምድር ሲታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት የጥላ ዳር ከሚጋርደው አካል በራቀ ቁጥር ይደበዝዛል፤ በየሜትሩ 9 ሚሊ ሜትር ያህል። ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን የ1.70 ሜትር ሰው ጭንቅላት ከጥላው 2.40 ሜትር ይርቃል፤ የጥላው ዳር 2.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። ሰውየው ፎቶው ላይ 2,000 ፒክሰል ከሆነ ይህ 26 ፒክሰል ነው። ፊልድ ብለር (ቦታ በቦታ የሚለያይ ማደብዘዣ) ላይ ጫማው ጋ 1፣ ጭንቅላቱ ጋ 6 ወይም 7 አድርጉ። ሙሉ ጥላውን እኩል ማደብዘዝ የ«ተለጠፈ» አንደኛው ምልክት ነው። ሲያልቅ ቅርጹን የሶሊድ ከለሩ ማስክ ውስጥ ነጭ አድርጋችሁ ክተቱት።

ጥላችሁ የሕንፃ ወይም የዛፍ ጥላ ላይ ሲደርስ እዚያ ማስኩን አጥፉት። አንዴ የተጋረደች ፀሐይ ሁለተኛ አትጋረድም፤ ጥላ በጥላ ላይ ተደርቦ የሚጠቁር የለም።

የጫማው ሥር ለብቻው ሌየር ይፈልጋል። እዚያ ፀሐይም ሰማይም አይገባም፤ በጥቁር ቡናማ ከ2 እስከ 4 ፒክሰል የሆነ ቀጭን መስመር መልቲፕላይ ላይ በ80 በመቶ አድርጉ። በደመና ቀን የሚወድቅ ጥላ ስለሌለ ሥራው ሁሉ ይህ ነው፦ ጫማው ሥር 3 ፒክሰል የደበዘዘ በ70 በመቶ፣ ዙሪያው 25 ፒክሰል በ35 በመቶ፣ ከዚያ ሰፋ ያለ 120 ፒክሰል በ15 በመቶ። በክረምት ባክግራውንድ ላይ ረጅም ጥላ መጣል ከባድ ስሕተት ነው። መንገዱ እርጥብ ከሆነ በጥላ ፋንታ ነጸብራቅ ይኖራል፤ የሰውየውን ሌየር ደግማችሁ ወደ ታች ገልብጡና በ20 በመቶ አካባቢ ኩሬ ባለበት ብቻ አሳዩት።

7ኛ. ሰውየው ላይ የሚያርፈው ጥላ

መሬቱ ላይ ያለው ጥላ ሲስተካከል ዓይን ወደ ፊት ይመለሳል። የምርቃት ቆብ ጠርዝ ፀሐይ ከፍ ስትል ግንባርና ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፤ የስቱዲዮ ፎቶ ላይ ግንባሩ ንጹሕ ነው። ያንኑ 109፣ 121፣ 143 ሶሊድ ከለር በክሊፒንግ ማስክ ሰውየው ላይ ድገሙና በቆቡ ሥር፣ በአገጭ ሥር፣ በእጅጌው ሥርና ከፀሐይ በተቃራኒው ጉንጭ ላይ ቀቡ። ቆዳ ላይ ትንሽ ሰማያዊው ሊበዛ ይችላል፤ ኦፓሲቲውን ወደ 70 ማውረድ እዚህ ይፈቀዳል፤ ፊት ከመሬትም ከልብስም የሚመለስ ብርሃን ስላለው።

ጥቁርና ጠይም ቆዳ ብርሃኑን ከመጠኑ ይልቅ በነጸብራቁ ይናገራል። ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለው ወዝ በየት በኩል እንዳለ እዩ፤ ፀሐይዋ በቀኝ ሆና ወዙ በግራ ከሆነ በሂሊንግ ብሩሽ አንሡትና በቀኝ ትንሽ ተዉ። ዓይን ውስጥ ሁለት የጃንጥላ ነጥብ ካለ አንዱን አጥፉ።

8ኛ. ማጠናቀቅና ማተም

በ100 በመቶ ዙም የባክግራውንዱን ጥላማ ቦታና የሰውየውን ልብስ ጎን ለጎን እዩ። ባክግራውንዱ በስልክ ተነሥቶ ሰውየው በጥሩ ካሜራ ከሆነ ሰውየው ከመጠን በላይ ይጠራል፤ ከ0.5 እስከ 1 ፒክሰል ጋውሺያን ብለር፣ ከዚያ አድ ኖይዝ ከ1 እስከ 3 በመቶ። መጨረሻ ላይ በሁሉም ላይ አንድ ቀላል የቀለም ከርቭ ማሳለፍ ያስማማቸዋል፤ ከዚህ በፊት ያልተስተካከለውን ጥላ ግን አያድንም።

30 በ40 ሴንቲ ሜትር በ300 ጥራት (በኢንች 300 ፒክሰል) ለማተም 3,543 በ4,724 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ 50 በ70 የሚሰቀል ከሆነ በ150 ጥራት 2,953 በ4,134 ይበቃል። ወረቀት ከስክሪን ይጠቁራል፤ ጋውኑና የጫማው ሥር አንድ ላይ ጥቁር ሆነው ሊዋጡ ይችላሉ። ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት ከእግሩና ከጥላው አካባቢ 10 በ15 ቁራጭ አሳትሙና ወደ ደጅ ይዛችሁ ውጡ፤ በቀን ብርሃን የጋውኑ ጫፍ ከጥላው ተለይቶ ካልታየ የጋውኑን ከርቭ ታችኛ ጫፍ ከ5 እስከ 8 ነጥብ አንሡና ቁራጩን ደግማችሁ አሳትሙ።